የኮትማን የኪስ ውሃ ቀለም፦ ሁለት ዓመት ከጭላዳ፣ ከጉሬዛና ከቀይ ቀበሮ ጋር

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና የቸኮለ ሰው ይገላገል። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግዙት። አብራው ያለችውን ብሩሽ ግን ለልጅ ልጃችሁ ስጡ። ያልቸኮላችሁ፣ በተለይ እንደ እኔ ጡረታ ወጥታችሁ ጊዜ የተረፋችሁ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ረዘም ያለ ወሬ ነው።

እኔ ቀያሽ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ስቀይስ ኖሬያለሁ። ጥሩ ጥሩ አገር አይቻለሁ፣ ግን ያየሁት በቴዎዶላይት (አንግል በምንለካበት የቅየሳ መነጽር) ዓይን ነው፤ በድሮዎቹ መሣሪያዎች ደግሞ ምስሉ ተገልብጦ ነበር የሚታየው። ተራራ ሲባል ለእኔ ከፍታ፣ ተዳፋትና ድማሚት የሚፈልግ ድንጋይ ነበር። በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። አንደኛውን ወር ተኛሁ። ሁለተኛውን ወር የቤቱን በርና መስኮት ሁሉ ቀባሁ። በሦስተኛው ወር ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ የሆነ ነገር ያዝ እንጂ፣ ኩሽና እየገባህ ድስት አትክፈትብኝ» አለችኝ።

ሥዕል የመረጥኩት ከምንም ተነስቼ አይደለም። ድሮ ቀያሽ የመስክ ደብተር ነበረው፤ ከቁጥሩ ጎን ወንዙን፣ ገደሉን፣ ትልቁን ዋርካ በእርሳስ ንድፍ እናደርግ ነበር። እጄ መስመር ያውቃል። ቀለም ግን በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም፣ የችካል ጫፍ በቀይ ከመቀባት በስተቀር።

እናም መርካቶ ሄድኩና ሠላሳ ስድስት ቀለም ያለው ትልቅ ሳጥን ገዛሁ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራም አይጠቅማችሁም፣ ያው ሳጥን በየሱቁ ሌላ ሌላ ስም ተለጥፎበት አይቻለሁ። ሲከፈት ያምራል። አረንጓዴው ብቻ ስድስት ዓይነት ነው። ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን ጠመኔ ይሆናል። ሁለቱን ስትደባልቅ ጭቃ፣ ሦስቱን ስትደባልቅ የባሰ ጭቃ። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ አራት ወር ሙሉ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ የሥዕል ትምህርትም ተመዘገብኩ፤ አስተማሪው ደግ ልጅ ነው፣ ግን ከስልክ ላይ ፎቶ እያሳየ በረዶ የሸፈነው የፈረንጅ ተራራና ሐይቅ ያስቀዳናል። ከመስኮቱ ውጭ እንጦጦ ተገትሮ! አራት ቅዳሜ ተማርኩና ተውኩት። የከፈልኩበትን ቀሪ ሁለት ወር መልሱልኝ ብል አንድ ሳንቲም አልተመለሰልኝም። እሱ ይቅር።

የኮትማኗን ሳጥን ያመጣችልኝ ልጄ ናት፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ለገና ስትመጣ ከሻንጣዋ አውጥታ «አባዬ፣ ይቺን ሞክር» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። እዚያ አገር ድረስ ሄዳ የእጅ መዳፍ የምታክል ነጭ ላስቲክ ሳጥን! ውስጧ አሥራ ሁለት ቁራጭ ቀለም አለ፤ አንዱ ቁራጭ ከማስቲካ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ክዳኗ ሲገለጥ መደባለቂያ ይሆናል። ስንት ገዛሽው ስላት ሃያ ዶላር አካባቢ አለች። ሠላሳ ስድስቱን ትቼ አሥራ ሁለት፣ ያውም በዶላር!

ኮትማን የዊንሰር ኤንድ ኒውተን ምርት ነው። ድርጅቱ ለንደን ውስጥ በ1832 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የቀለም ቤት ነው። ኮትማን ደግሞ የሰው ስም ነው፤ ጆን ሴል ኮትማን የሚባል፣ ከ1782 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. የኖረ እንግሊዛዊ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ። ደረጃው የተማሪ ነው። ይህ ማለት እንደ ካድሚየምና ኮባልት ያሉ ውድ ማዕድናት በሌላ ርካሽ ቀለም ተተክተዋል ማለት ነው፤ ስማቸው ላይ «ሂዩ» የሚል ቃል ካያችሁ ትርጉሙ ይኸው ነው። ለእኔ ዕድሜና ለእኔ እጅ ይበቃል። እንዲያውም ተማሪ መባሉን ወድጄዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አሥራ ሁለት ቀለም ለኢትዮጵያ ደጋ ይበቃል ወይ?

ይበቃል። ግን በሳጥኑ ቅደም ተከተል አይደለም፤ አንዳንዱ በሁለት ወር ያልቃል፣ አንዳንዱ እስከ ዛሬ አልተነካም። የሎ ኦከር የሚሉት የአፈር ቢጫ አለ። እሱ ነው አገራችን። ከጥቅምት በኋላ ያለው የሱሉልታ ሜዳ፣ ገለባው፣ የሳር ክዳኑ፣ የደረቀው ግጦሽ፣ ሁሉም ከዚያች ቁራጭ ነው የሚወጣው። ቀጥሎ በርንት ሲዬና፣ የሸክላ ቡኒ። ይህን ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ስትደባልቁት አንድ ግራጫ ይሰጣችኋል፣ ወደ ሰማያዊው ብታደሉ የሩቅ ተራራ፣ ወደ ቡኒው ብታደሉ የቅርብ ገደል፣ እኩል አድርጋችሁ ውሃ ብትነፍጉት ደግሞ ጥቁር ለማለት ትንሽ የቀረው። በሳጥኑ ውስጥ ጥቁር የለም። መጀመሪያ ዕቃ የጎደለ መስሎኝ ነበር! ለካ ባይኖር ይሻላል።

አረንጓዴው ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሳፕ ግሪን የሚባለው እንደወረደ ከተቀባ ሁሉንም ቦታ የኳስ ሜዳ ያስመስለዋል። የእኛ ባህር ዛፍ አረንጓዴ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ባህር ዛፍ አላየም፤ ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ነው፣ ጫፉ ላይ ለጋው ቅጠል ቀላ ይላል። እኔ በአልትራማሪንና በየሎ ኦከር ነው የምሠራው። ለጽድ ቪሪዲያን የሚሉትን ቀዝቃዛ አረንጓዴ በበርንት ሲዬና አጠቁረዋለሁ። ቪሪዲያን ብቻውን የሆስፒታል ግድግዳ ነው። ለመስከረም ብቻ ሌመን የሎው፣ የሎሚ ቢጫው፣ ይወጣል፣ ከዝናቡ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሳር በሌላ በምንም አይመጣም። አደይ አበባ በካድሚየም የሎው፣ ሞቅ ባለው ቢጫ፣ ነው፤ ነጠብጣብ ማድረግ ብቻ ነው፣ አበባ አበባ እያላችሁ አትሳሉት።

ሩቁ ነገር እየቀዘቀዘ፣ ሰማያዊ እየሆነ እንደሚሄድ ማንም ያውቃል። እኔ ግን በሙያዬ ርቀትን በሜትር ነበር የማውቀው። ከደብረ ሊባኖስ አፋፍ ላይ ቆሜ ገደሉን ማዶ ስመለከት የመጀመሪያው ጠርዝ ቡኒ፣ ሁለተኛው ሐምራዊ፣ ሦስተኛው ሰማይ ሊመስል ትንሽ የቀረው ሆኖ ሳየው እዚያው ቆሜ ሳቅሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር ለካ። አልትራማሪኑ ደግሞ ትንሽ የመዝቀጥ ባሕርይ አለው፤ ሸካራ ወረቀት ላይ ደቃቁ ዱቄት ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጥና ገደሉ ሳትደክሙ ገደል ይመስላል።

ደብረ ሊባኖስን ካነሳሁ ጭላዳውን ልንገራችሁ። የዱር እንስሳ መሳል ለሚጀምር ሰው ከጭላዳ የተሻለ አስተማሪ የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ቁጭ ብሎ ይበላል። ሌሊት ገደሉ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ወደ አፋፉ ይወጣና ሳሩን በሁለት እጁ እየነጨ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ግማሽ ቀን ይውላል። ጸጥ ካላችሁ አይሸሽም። ወንዱ የአንበሳ ያህል ጎፈር አለው፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ደግሞ ከሩቅ ይለያል። ለዚያች ቀይ ካድሚየም ሬድ ፔል የሚሉትን ፈካ ያለ ቀይ በትንሽ ክሪምሰን (ጠቆር ያለ ቀይ) አደምቄ፣ ከሁሉም መጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሳርፋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ጭላዳዎቼ ግን ውሻ ነበሩ። ይህን የነገረኝ አንድ እረኛ ልጅ ነው፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ከኋላዬ ቆሞ ብዙ ካየኝ በኋላ፦

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጭላዳ ነው።»

«የጭላዳ አፍንጫ እንዲህ አፉ ጫፍ ላይ አይደለም እኮ። ወደ ላይ ነው።»

መነጽሬን አነሳሁ። ልክ ነው! ዝንጀሮ አፍንጫው አፉ ጫፍ ላይ ነው፣ የጭላዳ ግን ወደ ኋላ ገባ ብሎ ከአፉ በላይ ነው። ለቅዳሜው ትምህርት የከፈልኩትን ለዚያ ልጅ መክፈል ነበረብኝ። ብስኩት ሰጠሁት፣ በጎቹን ረስቶ ሦስት ሰዓት አብሮኝ ዋለ፤ በኋላ አባቱ መጥቶ ሁለታችንንም ተቆጣን።

የሳጥኗ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ኪስ ውስጥ ትገባለች። ያንን ሠላሳ ስድስቱን ይዤ ገደል አፋፍ መቀመጥ አልችልም። በአንድ እጅ ደብተሩንና ሳጥኗን አንድ ላይ ይዞ መቀባት ይቻላል፣ ከስሯ ጣት የሚያስገቡባት ቀለበት አለቻት። ትልቅ መደገፊያ ዘርግቶ የሚስል ሰው ደግሞ ሕዝብ ይሰበስባል። አንዴ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ቦታ ላይ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ «አባት፣ ካርታ ነው የሚያነሱት?» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ካርታ ሳነሳ አንድ ቀን ሰው ጠይቆኝ አያውቅም፣ አሁን ዶሮ የማታክል ወፍ ስስል ተጠየቅሁ።

ነጩን ቀለም በተመለከተ። ቻይኒዝ ኋይት የሚባል ቁራጭ አለ፣ ከዚንክ የሚሠራ ነጭ ነው፤ ይኸው ድርጅት ራሱ ነው በ1834 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያዋለው። ታሪኩ ያኮራል፣ ግን አይሸፍንም። ጥቁሩ ላይ ብታሳርፉት አመድ ይሆናል። ይህን የተማርኩት መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ጉሬዛ ስስል ነው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ተተከለ የሚባልለት ጫካ ነው፤ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቀኑን ያጨልመዋል። ጉሬዛው ካባውን ለብሶ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጥቁሩን ቀባሁ፣ ከዚያ ነጩን ካባ ላስቀምጥበት ብዬ ታገልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ የታጠበ ካልሲ መሰለ። ቤት ገብቼ ሳስበው ነጩ ቀለም ወረቀቱ ራሱ ነው። በሁለተኛው ቀን ካባውንና ጭራውን ሳልነካ ትቼ ዙሪያውን ጫካውን ብቻ አጨለምኩት፤ ጉሬዛው ሳልስለው ራሱ ወጣ። ዛሬም ድረስ ከሠራኋቸው ሁሉ ያንን ነው የምወደው። ባለቤቴም ሳሎን የሰቀለችው እሱን ብቻ ነው፣ ሌላው አልጋ ሥር ነው ያለው።

ባሌ የሄድነው ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ከሁለት ጡረተኛ ጓደኞቼ ጋር፣ በአንዱ አሮጌ መኪና። ሰነቲ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ነው፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4,377። ጅብራው፣ ያ የደጋው ረጅም ተክል፣ እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰማዩን በሰፊው ቀባሁና ቀና ብዬ ስመለስ ወረቀቱ ላይ ላባ ላባ የሚመስል ነገር በቅሏል። ቀለሙ በረዶ ሠራ! እኔ የሠራሁትን ሁሉ የሚያስንቅ ነበር። ፀሐይ ሲነካው ግማሹ ቀልጦ ጠፋ። አንደኛው ጓደኛዬ «ውሃው ላይ አረቄ ጠብ አድርግበት» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ግን ሠራ፤ አልኮል ቶሎ አይረጋም። የተረፈው አረቄ የት እንደገባ አልናገርም።

ቀይ ቀበሮውን ያየነው አራት ሰዓት ላይ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም፣ እዚያ ሜዳ ላይ ግን እንደ ሰፈር ሰው እየሮጠ መጣ። ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ቆመ፣ ጆሮውን አዘነበለ፣ አንድ እግሩን አነሳ። ስድስት መስመር አሰመርኩ። ከዚያ ሄደ። በቃ ይኸው ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ቀለሙን በቃሌ ነው የጨረስኩት፤ በርንት ሲዬና ከትንሽ ቀይ ጋር፣ ጉሮሮው ወረቀቱ፣ ጭራው ጫፍ ላይ ያው ግራጫችን በጣም ወፍሮ። እግሮቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። የእኛ ቀበሮ እግሩ ረጅም ነው፣ ሁሉም ሰው ያሳጥረዋል፤ የምትሄዱ ካላችሁ አደራ።

ዝዋይም ሄጃለሁ፣ ፔሊካኑና አባ ኮዳው ዓሣ አስጋሪዎቹ አጠገብ ቆመው የዓሣ ቅሪት ይጠብቃሉ። ለጀማሪ ምቹ ነው፣ ቅርብ ነው፣ እንስሳው አይሄድም። ሽታውን ግን ቻሉት።

ስለ ብሩሿ። ከሳጥኗ ጋር የምትመጣው አጭር ናት፣ ለኪስ ተብላ የተሠራች። ለጭላዳ ዓይን ትሆናለች፣ ለሰማይ አትሆንም። አንድ ወፍራም ክብ ብሩሽ ለብቻ ግዙ፣ ጫፉ የሚሾል። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ወረቀት ላይ ግን አትቆጥቡ። ይህን ከቀለሙ በላይ ነው የምላችሁ። በፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ በ80 ግራሙ (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው)፣ ውሃ ቀለም የሚሞክር ሰው ወረቀቱ እንደ ቆርቆሮ ተሸብሽቦ ቀለሙ ሸለቆው ውስጥ ሲጠራቀም ያይና «እኔ አልችልም» ብሎ ይተወዋል። 300 ግራሙን ፈልጉ። ውድ ነው፣ እዚህ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ስለዚህ እኔ አንዱን ገጽ ለአራት ቆርጬ ነው የምጠቀመው፣ ከኋላውም እስላለሁ። ጡረታ ነዋ።

አንድ ሙከራ አድርጌያለሁ፣ የሙያ ልማድ አይለቅም። የሁለቱንም ሳጥን ቀለሞች በመስመር በመስመር ቀባሁና ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ሦስት ወር ለጠፍኩት። ካርቶኑን ሳነሳ የመርካቶው ሐምራዊ የለም። ሮዙም የለም። የኮትማኑን የተሸፈነና ያልተሸፈነ ጎን በእኔ ዓይን መለየት አልቻልኩም፤ ዓይኔ ደግሞ መነጽር እንዳለው አትርሱ። ይህን ሳይ ነው ሠላሳ ስድስቱን ለጎረቤት ልጆች የሰጠሁት፣ እነሱ ደግሞ አጥሩን ቀቡበት።

ሌላ ጥሩ ነገር፣ ቁራጮቹ መደበኛ መጠን ናቸው። አንዱ ሲያልቅ ያንኑ ብቻ ለብቻው ገዝቶ መተካት ይቻላል። ችግሩ እዚህ አገር ለብቻው የሚሸጠውን ማግኘት ነው፤ እኔ ሰው ሲመጣ ነው የማስመጣው። ቶሎ እንዳያልቅባችሁ ጠዋት ከመጀመራችሁ በፊት በየቁራጩ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉና ትንሽ ጠብቁ፣ ይለሰልሳል፣ በብሩሽ መፈግፈግ አያስፈልግም። ስትጨርሱ ደግሞ ሳጥኑን እርጥቡን አትዝጉት። እኔ አንዴ በክረምት ዘግቼ ኮት ኪስ ውስጥ ረስቼው ሻጋታ አወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ምንም አልሆነም።

ለማን አይሆንም? ትልቅ ሥዕል ግድግዳ ሙሉ መሳል ለሚፈልግ አይሆንም፣ በእነዚህ ቁራጮች ሰማይ ሲሞላ ማልቀስ ነው። ስህተትን መሸፈን ለሚፈልግም አይሆንም፣ እሱ አክሪሊክ ይግዛ። ጉልበቱ ለሚያመው፣ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ መመለስ ለሚፈልግ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ድንጋይ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

በሁለት ዓመት ውስጥ የሎ ኦከሩ ሁለት ጊዜ አልቋል። በርንት ሲዬናው መሐሉ ተቦርቡሮ የላስቲኩ ታች ይታያል። ቻይኒዝ ኋይቱ እንዳለ ነው፣ አንድ ጥግ ላይ የጉሬዛው ጥቁር ነክቶታል። ልጄ ለፋሲካ እመጣለሁ ብላለች። ምን ላምጣልህ ስትለኝ ሦስት የአፈር ቢጫና 300 ግራም ወረቀት አልኳት፤ እናቷ ከኋላ ሆና «ለእኔ ደግሞ አልጋውን ከፍ የሚያደርግ እግር» ብላ ጮኸች፣ ሥሩ ሞልቷል።